የሪሞት መኪና ናይትሮ ሞተር አስተካከል፦ አየሩ ለሳሳበት አገር

ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ሜዳ መኪናዬን ታቅፌ ስወርድ መጀመሪያ የሚከተሉኝ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ በግ ጠባቂዎቹ ይጠጋሉ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥግ ይዞ ያቆምና «ይቺ በባትሪ ነው የምትሠራው?» ይለኛል። በባትሪ አይደለም። በመዳፍ የምትያዝ የእውነት ሞተር ናት፤ ፒስቶን አላት፣ ሲሊንደር አላት፣ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ካርቡሬተር፣ ጭስ የሚያወጣ ማርሚታ አላት። ነዳጅ ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጣት በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ትሽከረከራለች። ካላስተካከሏት ደግሞ ታኮርፋለች፤ ያን ጊዜ ልጆቹም በጎቹም ጥለዋችሁ ይሄዳሉ።

የኔ ያገለገለች ናት፤ 3.3 ሲሲ ሞተር ያላት ትራክ፣ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝ። አብሯት የመጣው መመሪያ «መርፌውን እስከ መጨረሻው ዝጋ፣ ከዚያ አራት ዙር ክፈት» ይላል። መርፌ የሚባለው ካርቡሬተሩ ላይ ያለ፣ የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚወስን ብሎን ነው። አራት ዙር ከፈትኩ። ተነሣች። ግን ሜዳውን በጭስ ሞላችው፤ ነዳጅ ስሰጣት ቡል ቡል እያለች ከመሮጥ ይልቅ ትስላለች። ሁለት ቅዳሜ ስታገል ከርሜ ነው ነገሩ የገባኝ። መመሪያው አልተሳሳተም፤ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው።

አየሩ ምን ያደርጋል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር የሳሳ ነው፤ ነዳጁ ግን በመርፌው ቀዳዳ ልክ መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተለካ መርፌ እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል። መፍትሔው መርፌውን ከመመሪያው ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ነው። የጠፋው ኃይል ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ በቪዲዮ እንደምታዩት የፊት ጎማዋን አንሥታ ካልሄደች መርፌውን አትውቀሱ።

ከተማው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአቃቂ ዝቅታ እስከ እንጦጦ አናት ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ጓደኛዬ የሚነዳው ከኔ ሜዳ ከፍ ያለው ሱሉልታ ላይ ነው፤ የእሱን የመርፌ ልክ እኔ ብቀዳ ሞተሬን አቃጥላለሁ። ቁጥር አትዋዋሱ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንግባባ። «ጠግባለች» ስል ነዳጅ በዝቶባታል ማለቴ ነው። «ርቧታል» ስል ደግሞ ነዳጅ አንሷት አየር በዝቶባታል። መርፌ ወደ ቀኝ ሲዞር ያስርባል፣ ወደ ግራ ሲዞር ያጠግባል። ከሁለቱ የምትፈሩት ረሃቡን ይሁን። የባጃጅ ሞተር ዘይቱን ኮፓው ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ይቺ ግን የምትለሰልሰውም የምትቀዘቅዘውም ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ በሚመጣው ዘይት ነው። ነዳጅ ሲያንሳት ዘይትም ያንሳታል። የጠገበች ሞተር ቢበዛ ታጨሳለች፣ ካንዴላ ታረጥባለች። የተራበች ግን ፒስቶኗን ትበላለች።

ስለ ነዳጁ

ነዳጁ ቤንዚን አይደለም። ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ነው። ጣሳው ላይ 20 በመቶ የሚል ካያችሁ የናይትሮው መጠን ነው፤ ለአብዛኞቹ የሪሞት መኪናዎች የተለመደውም ይኸው ነው። ናይትሮሜቴን በውስጡ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ አየሩ በሳሳበት ቦታ 25 ወይም 30 በመቶ መጠቀም የጠፋውን ኃይል በጥቂቱ ይክሳል፤ የሞተራችሁ መመሪያ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ። ነዳጅ ሲጠፋ ቤንዚን እንሞክር የሚል ምክር ይመጣል። እንዳትሰሙ። ይቺ ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የላትም። ካንዴላዋ ውስጥ ያለችው ጥምዝ የፕላቲነም ሽቦ ከሜታኖል ጋር ስትገናኝ ነው ግላ የምትቆየው፤ ከቤንዚን ጋር ያ ነገር የለም። የሲሊኮን ቱቦዋም በቤንዚን አብጦ ይበላሻል።

በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ማምጣት ክልክል ነው፤ ዘመድ አታስቸግሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ በመጣበት ጣሳ፣ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ። አንዳንዱ ሮዝ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ስለሆነ በሃይላንድ ጠርሙስ ከገለበጣችሁት ጁስ ይመስላል፤ ጥቂት ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ሲቃጠል ነበልባሉ በፀሐይ ላይ አይታይም። ከታጨደ ማሳና ከጭድ ክምር አጠገብ ሞተር አታስነሡ። ክዳኑን ክፍት አትተዉ፤ ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በተለይ በክረምት። ውሃ የጠጣ ነዳጅ ይዞ መርፌ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አፉ ጠባብና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፤ ሁለት መለዋወጫ ካንዴላ፤ የካንዴላ ቁልፍ፤ የካንዴላ ማሞቂያ፤ ከፋርማሲ የተገዛ ሲሪንጅ፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፤ ጨርቅ፤ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር። ማሞቂያው ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት ነው የሚሰጠው። እኔ የመጀመሪያዋን ካንዴላዬን በሞተር ሳይክል ባትሪ፣ ማለትም በ12 ቮልት፣ ላሞቅ ብዬ ዓይኔ እያየ ሽቦዋ ቦግ አለና ጠፋ። አንድ ሰከንድ አልፈጀም።

የሙቀት መለኪያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ግን በኮሮና ጊዜ ባንክ በር ላይ ግንባራችን ላይ ሲደቀን የነበረው ዓይነት አይሆንም፤ እሱ ከሰው ትኩሳት በላይ ማንበብ አይችልም። ለማሽን ተብሎ የተሠራው፣ እስከ 300 ዲግሪ የሚያነበው ነው የሚያገለግለው።

መርፌ ከመንካት በፊት

አብዛኛው «አልስተካከል አለች» የሚባል ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ መርፌው ላይ አይደለም። እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት ሳስተካክል ዋልኩ። መርፌውን ሳስርባት ትጮሃለች፣ ሳጠግባት ደህና ትሆናለች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ትጮሃለች። ከጎን ቆሞ ሲያይ የነበረ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ «ጋሼ፣ አየር እየሳበች ነው እኮ» አለኝ። መኪናዋን አንሥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ከዚያ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከማርሚታው ወደ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ። ቱቦው ማርሚታው ላይ በሚገባበት ቦታ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች፣ ፈነዳች፣ እንደገና ብቅ አለች። ሙቀቱ ጫፉን ሰንጥቆታል። ልጁ የተሰነጠቀውን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ቆርጦ መልሶ ሰካው፤ አለቀ። ያ ቱቦ የጭሱን ግፊት ወስዶ ነዳጁን ወደ ካርቡሬተር የሚገፋው ነው። ግፊቱ ሲያመልጥ ነዳጅ ያንሳል፤ መርፌውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት አይጸናም።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ። ቱቦዎቹን ሁሉ ዳስሱ፣ የተሰነጠቀና የደረቀ ካለ ቀይሩ። የሰርባቶዮውን ክዳን ላስቲክ እዩ። ሰርባቶዮውን ፈትታችሁ አንዱን ቱቦ ዘግታችሁ በሌላው በሲሪንጅ አየር እየገፋችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ካወጣ ያፈስሳል። ከጨረሳችሁ በኋላ ውስጡን በደንብ አድርቁት። ካርቡሬተሩ ሞተሩ ላይ በሚቀመጥበት ሥርና በሞተሩ የኋላ ክዳን ጓርኒሲዮን ዙሪያ ነዳጅና አፈር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ከሠራ እዚያም ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጎማ የሚይዝ ጭቃ፣ በበጋ እንደ ዱቄት የሚቦን። ያ ዱቄት ሲሊንደር ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ይበላል። ስፖንጁን በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ የፊልትሮ ዘይት አጠጥታችሁ ትርፉን ጭመቁት። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ አይዝም። ይህን በየሁለት መውጫው አደርጋለሁ፤ በጥር አቧራ በየመውጫው።

ካንዴላውን ፈትታችሁ ማሞቂያው ላይ ስኩት። ሽቦው እንደ ፍም ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ግማሹ ብቻ ከጋለ ወይም ደብዝዞ ከቀረ ጣሉት። ፊልትሮው ወጥቶ ሳለ የካርቡሬተሩን አፍም እዩ፤ ነዳጅ ሳትሰጡ የሚቀረው ክፍተት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ሚሊ የክብሪት እንጨት ግማሽ ውፍረት ነው።

ሦስቱ ብሎኖች

የላይ መርፌ የምለው የነዳጁ ቱቦ በሚገባበት ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመው ነው፤ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ የሚሠራው እሱ ነው። የታች መርፌ ካርቡሬተሩ ጎን፣ የሚንሸራተተው ክፍል ጫፍ ላይ አለ፤ ከሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሯ ነዳጅ ሳይሰጣት ቀስ ብላ ከምትዞርበት፣ እስከ መነሻ ያለውን ይቆጣጠራል። ሦስተኛው የሚኒሞ ብሎን ትንሽ ናት፤ ነዳጅ አትለካም፣ አፉ ምን ያህል ተከፍቶ እንዲቆም ብቻ ትወስናለች። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው፤ መኪናዋ ሲጠፋባቸው ሚኒሞ ይጨምራሉ፣ ችግሩ ይደበቃል እንጂ አይድንም።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የላይ መርፌውን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ እስኪቆም ስንት ዙር እንደሄደ ቁጠሩ። ሲቆም አታጥብቁት፣ ጫፉ ይጎዳል። ደብተር ላይ ጻፉትና ወደነበረበት መልሱት። መርፌውና አቃፊው ላይ ትይዩ ምልክት አድርጉ። እኔ መጀመሪያ ከእህቴ ጥፍር ቀለም ሰርቄ ነበር፤ ነዳጁ በአንድ ቀን አሟሟው። አሁን በሚስማር ጫፍ ጭሬያለሁ።

ማስተካከያው በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር አትለፉ። እኔ የምጠቀመው የሰዓት ገጽን ነው። የካቻቢቴው መሰንጠቂያ 12 ላይ ካለ ወደ 1 ማምጣት አንድ «ሰዓት» ይባላል። የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ ላይ ለውጥ የለውም።

ማስነሣትና ማሞቅ

ሰርባቶዮውን ሙሉት። የማርሚታውን አፍ በጣት ዘግታችሁ የማስነሻ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ፤ ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ወደ ካርቡሬተሩ ሲሄድ ይታያል። ሲደርስ ጣታችሁን አንሡ። ማሞቂያውን ካንዴላው ላይ ስኩና አጠር አጠር አድርጋችሁ ሳቡ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ እስከ ገመዱ መጨረሻ መሳብ ይበጥሰዋል። ገመዱ ድንገት አልሳብ ካለ በጉልበት አትታገሉ፤ ነዳጅ ሞልቷታል። ካንዴላውን ፍቱ፣ መኪናዋን ገልብጡ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳቡ፣ የተጠራቀመው ይወጣል።

ከተነሣች በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ እያላችሁ ንዱ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ መርፌ አይስተካከልም፤ ሁሉም ምልክት ይዋሻል። ሞተሯ አዲስ ከሆነች ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ሰርባቶዮ ሙሉ ነዳጅ ጠግባና እያጨሰች፣ ሙሉ ነዳጅ ሳይሰጣት፣ በየመካከሉ እየቀዘቀዘች ትጨርስ። ማስተካከሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የላይ መርፌ

ከጥጋብ ጀምሩ፤ ሁልጊዜ ከጥጋብ ወደ ረሃብ ነው የሚኬደው። ቢያንስ 40 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ሙሉ ነዳጅ ስጧትና ስሙ። ከጠገበች ድምፅዋ የታፈነ ነው፣ ትንተባተባለች፣ ወፍራም ጭስ ትታ ትሄዳለች፣ ማርሚታዋ ዘይት ይተፋል። አንድ ሰዓት ወደ ቀኝ አዙሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉውን ርቀት አስሩጧት፤ ለውጡ ወዲያው አይታይም። እንደገና አንድ ሰዓት። በአንድ ወቅት ድምፅዋ ይጠራል፣ ፍጥነቱ ይመጣል፣ ከኋላዋ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ብቻ ይቀራል። እዚያ ላይ ቁሙ።

አለመቆም ይመጣል፤ ሌላ አንድ ሰዓት ብጨምርላትስ ይላል ልብ። ትጨምራላችሁ፣ እውነትም ትፈጥናለች። ቀጥሎ ጭሱ ይጠፋል፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል፣ መጀመሪያ ላይ ተስፈንጥራ መሐል ላይ ትደክማለች። ያ የረሃብ ምልክት ነው። ነዳጅ መስጠቱን ወዲያው ተዉና ሁለት ሰዓት ወደ ግራ መልሱ። የጭሱ መስመር ከሌለ ፍጥነቱ የብድር ነው።

የታች መርፌና ሚኒሞ

ሞተሯ ሙቅ ሆና ሚኒሞ ላይ አቁሟትና ካርቡሬተሩ አጠገብ የነዳጅ ቱቦውን በጣት ቆንጥጡ። ደህና ከሆነች ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ትቆያለች፣ ከመጥፋቷ በፊት ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ይላል። ወዲያው ድፍት ካለች ርቧታል፤ የታች መርፌውን ወደ ግራ። አራት አምስት ሰከንድ ቆይታ ድምፅዋን በጣም ከፍ አድርጋ ከጠፋች ጠግባለች፤ ወደ ቀኝ። እዚህም አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። በየመሐሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አጽዷት፤ ሚኒሞ ላይ ረጅም ጊዜ የቆመች ሞተር ነዳጅ ታጠራቅምና ምልክቱን ታበላሻለች።

ሌላው ፈተና ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ድንገት መልቀቅ ነው። ድምፁ ወዲያው ወርዶ ሚኒሞ ላይ ከረጋ ተሳክቷል። ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ከወረደ የታች መርፌው አስርቧታል፣ ወይም አየር ትስባለች። ከሚኒሞ በታች ወርዳ ተንደፋድፋ ከጠፋች ጠግባለች።

የሚኒሞ ብሎኑን የምትነኩት አሁን ነው። መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ እንድትቆም፣ ፍሪሲዮኗ እንዳይዝ፣ ግን ሳትጠፋ። ቆማ ጎማዋ እየጎተተ ከሆነ ሚኒሞው በዝቷል። ከዚያ ወደ ላይ መርፌው ተመልሳችሁ አንድ ጊዜ አስሩጧት፤ ታች ሲነካ ላይም ትንሽ ይለወጣል።

የውሃ ጠብታው ነገር

መለኪያ የሌለው ሰው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የውሃ ጠብታ ያሳርፋል። በቪዲዮ የሚሰጠው ምክር «ቀስ ብሎ ፈልቶ በሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ከደረቀ ልክ ነው» የሚል ነው። እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም 93 ዲግሪ ነው። ክክ በፍጥነት አልበስል የሚለን በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጠብታዋ ጭስስ አለች ማለት ሞተሯ በዛ ባለ ሙቀት ላይ ናት ማለት አይደለም፤ ገና 95 ላይ ልትሆን ትችላለች። እኔ አንድ ሰሞን ጠብታ በፈላ ቁጥር ደንግጬ መርፌ ስከፍት ነበር፤ ሞተሯ ሳትሞቅ ስታጨስ ከረመች። ጠብታዋ ሳትቀመጥ ዘልላ ከጠፋች ግን አጥፏት፤ ያ እዚህም ያው ነው።

መለኪያ ላላችሁ፣ ካንዴላው ሥር አነጣጥራችሁ፣ ከሩጫ እንደቆመች ለኩ። የተለመደው ክልል ከ93 እስከ 132 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እኔ ከ105 እስከ 115 ላይ ስትሆን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቁጥሩን አይታችሁ ድምፁንና ጭሱን አትካዱ፤ በኅዳር ውርጭ ማለዳ አየሩ ቀዝቅዞ ስለሚወፍር በሌላ ቀን ጠግባ የነበረችው ትራባለች፣ ቴስታታዋ ግን ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው ደህና ቁጥር ታሳያለች። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት የተስተካከለውን ከሰዓት በኋላ መፈተሽ አይቀርም።

ካንዴላውም ይናገራል። ከሩጫ በኋላ ፍቱት፤ ሽቦው የሚያብለጨልጭና ትንሽ ርጥብ ከሆነ ጤና ነው። ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ ወይም ከተጣመመ ረሃብ ነበር።

ወደ ቆላ ስትወርዱ

ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ይዞ አዳማ መድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከፍታው ግን ወደ 1,700 ሜትር ይወርዳል። እኔ መኪናዋን እዚህ እስከ ጥግ አሳምሬ አስተካክዬ፣ ጭሷ ክር አክሎ፣ ለዘመዶቼ ላሳይ ይዣት ወረድኩ። ሁለት ዙር በደስታ ነዳሁ። በሦስተኛው ጭሱ ጠፋ፤ ሙቀቱ ነው አልኩና ቀጠልኩ። ድምፅዋ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ክው ብላ ቆመች። መለኪያው 148 አነበበ። ካንዴላውን ስፈታ ሽቦው የለም፤ ሲሊንደሩ ግን ዕድሌ ሆኖ ተርፏል።

አዳማ ሞቃት ስለሆነ ነዳጅ በዝቶባት ይሆናል እያላችሁ እንዳትሸወዱ። ሙቀት አየሩን ትንሽ ያሳሳዋል፣ ዝቅታው ግን ከዚያ በላይ ያወፍረዋል። አየር በዛ ማለት የነዳጁ መጠን አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ አዳማ ወይም ሐዋሳ ስትወርዱ ገና መኪናዋን ሳታስነሡ የላይ መርፌውን ሁለት ሦስት ሰዓት ወደ ግራ ክፈቱ፤ ድሬዳዋ ከሆነ ከዚያም በላይ። ደርሳችሁ እንደገና ከጥጋብ ጀምሩ። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ግን አትቸኩሉ፤ ስትወጡ የሚመጣው ጥጋብ ነው፣ ጥጋብ ጊዜ ይሰጣል። ተመልሳችሁ ስትወርዱ መርፌውን መመለስ እንዳትረሱ ብቻ።

ሁሉንም ደብተሩ ላይ ጻፉት፦ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ብርድ ወይም ሙቀት፣ የነዳጁ በመቶ፣ መርፌው ስንት ዙር። ከአራት አምስት መውጫ በኋላ የራሳችሁ መመሪያ አላችሁ።

ስትጨርሱ

ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረውን በሲሪንጅ አውጡ፤ ወደ ጣሳው አትመልሱት። ሞተሯን አስነሥታችሁ ቱቦ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ራሷ ትጥፋ። ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው አራት አምስት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ በካርቡሬተሩ አፍ ደግሞ ሁለት ጠብታ ጨምሩና ገመዱን ጥቂት ሳቡ። ሜታኖል የሳበው እርጥበት ውስጥ ከቀረ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ኩሽኔታው ዝጎ ይጠብቃችኋል።

በመጨረሻ ፒስቶኑን ወደ ታች አውርዱት። የእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ሙቅ ሞተር ፒስቶኑ ላይ ላይ እንዳለ ከቀዘቀዘ ተጨናንቆ ይያዛል። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ስትስቡ የምትከብድበት ቦታ ላይኛው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ግማሽ ዙር እለፉ። በቀዳዳው በባትሪ መብራት ብታዩ ፒስቶኑ ታች ተቀምጦ ይታያችኋል። ካንዴላውን መልሱ፣ ፊልትሮውን በላስቲክ ሸፍኑት፣ መኪናዋን ጠርጉ። ልጆቹ «ነገም ትመጣለህ?» ይላሉ። ነገ እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ይህን ድምፅ ማሰማት ከሰፈር ያስወጣል።